በቀይ የከበብኩት ጊዮርጊስ

ዳንግላ ውስጥ በሥርዓት እኖራለሁ ብሎ የሚኮራ ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ እያነበቡ መመዝገብ ነው፤ ሰፈሮቹን በተራ እዞራለሁ፣ በየወሩ በዚያው ቀን በዚያው በር ላይ እገኛለሁ። ባለቤቴ ፈንታነሽ፣ «የሰፈሩ ውሻ እንኳ አንተን ሲያይ ወሩ አለቀ ብሎ ነው የሚጮኸው» ትለኛለች። እኔም ቀልዷን እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው ሥርዓቴ አፋፍ ላይ ስላቆመኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ውሃ መማር ጀምሬ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቴ ታመመችና አቋርጬ ወጣሁ። እናቴ አረፈች፣ እኔም ሥራ ገባሁ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ትምህርቱም ተረሳ። ተረሳ ስላችሁ አትመኑኝ። ቆጣሪ ሥር ቁጢጥ ብዬ ውሃው ሲያልፍ የምትሽከረከረዋን ትንሽ ቀስት እያየሁ ብዙ ጊዜ በሐሳብ ጭልጥ እል ነበር። ይህ ውሃ ከየት መጣ? ስንት ዘመን መሬት ውስጥ ተኝቶ ቆየ? የቤቱ ባለቤት «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ስትለኝ ነበር የምባንነው።

አንድ ቀን አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሐይቆች በኢንተርኔት እንደሚያስተምር አየሁ። ደንቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ኮርስ የፈለገ ሁሉ ይማራል፤ የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ ሙሉውን ዲግሪ ሳይከፍል ይቀጥላል፤ በፈተናው ቀን ያልተገኘ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም። በዚያው ዕለት ተመዘገብኩ።

ሲላበሱ፣ የትምህርቱ የሥራና የቀን ዝርዝር፣ በደረሰኝ ዕለት አሳትሜው ግድግዳ ላይ ከካላንደራችን ጎን ሰቀልኩት። በኢንተርኔት የሚማር ሰው ደወል የሚደውልለት የለም፣ አርፍደሃል ብሎ የሚቆጣው መምህር የለም፤ ያለው ሲላበሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤታችን ኑሮ ጋር አጋባሁት። የየሳምንቱ ሥራ የሚላከው እሑድ ስለሆነ እያንዳንዱን እሑድ በሚውልበት በዓል ጠራሁት፤ ስለ ደለል የሚጻፈው አቦ ላይ፣ የዝናቡ ስሌት ሚካኤል ላይ፣ የሐይቅ ጥልቀት ገብርኤል ላይ። ፈንታነሽ ትምህርቱን አታውቀውም፣ በዓላቱን ግን ማን ይቀድማታል? «ነገ እኮ አቦ ነው፤ ደለልህን ላክ» ትለኝና አብረን እንስቃለን። አንድም ሥራ አላሳለፍኩም።

ሲላበሱ ላይ በፈረንጅ ቀን ብቻ የተጻፈው የመጨረሻው ፈተና ነበር፦ ጃንዋሪ 31። ይህን ቀን ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገኝም። ስልኬ ውስጥ አባቴ ባለፈው ዓመት እንጅባራ ላይ በፈረሰኞች በዓል ሲጋልብ ያነሳሁት ፎቶ አለ፤ ጥግ ላይ ጃንዋሪ 31 ይላል። የፈረሰኞች በዓል ደግሞ ጥር ሃያ ሦስት ነው፣ ጊዮርጊስ። ስለዚህ ፈተናው ጊዮርጊስ ላይ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ካላንደሩ ላይ ጥር ሃያ ሦስትን ከበብኩት፤ ደግሜ ደጋግሜ፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪል ድረስ ከበብኩት።

ከበዓሉ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ አባቴ ለገበያ ዳንግላ መጣና ቤታችን አረፈ። አባቴ ጥርባ ነው የሚኖረው። ከፈረስ የማይወርድ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ከጋሪ ሲወርድ እንኳ ጉልበቱን ይዞ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ ቀስ ብሎ ነገሩን አመጣው። ዘንድሮ የመጨረሻ ግልቢያው ነው፤ ጉልበቱ እርካብ መርገጥ እምቢ ብሎታል። በእኛ ቤት ደግሞ አባት ለመጨረሻ ጊዜ ሲጋልብ ልጁ ከጎኑ ሆኖ ይጋልባል፣ ከሜዳው ሲወጡም አለንጋውንና ፈረሱን ይረከበዋል። አያቴ ለአባቴ ያደረገው ይህንኑ ነው።

«አባባ፣ የዚያን ቀን ፈተና አለብኝ» አልኩት። «ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ...»

«እና ጊዮርጊስን ወደ ሌላ ቀን ላዛውረው?» አለኝ።

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከሁለታችን አንዳችንም ግን ደስ አላለንም። ሲወጣ፣ ካልመጣሁ ዳማ ፈረሱን ለወንድሙ ልጅ እንደሚሰጠው ነገረኝ። ቁጣ አልነበረውም፤ ፈረስ ያለ ባለቤት አይከርምማ። በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሕልም ያስቸግረኝ ጀመር። ግድግዳዬ ላይ ያሉት ሳምንታት ፈረስ ሆነው በተራ ያልፋሉ፤ እኔ ስማቸውን እየጠራሁ እመዘግባለሁ፤ የመጨረሻው ፈረስ ሲደርስ ስሙ ይጠፋኛል።

ፈተናው ሲቃረብ ሐሳቤ እንዳይበታተን የስልኬን ዳታ አጥፍቼ የታተሙትን ምዕራፎች ብቻ ማንበብ ያዝኩ። የበዓሉ ዋዜማ ጥዋት፣ ማለትም ጥር ሃያ ሁለት፣ ፈንታነሽ የምዕራፍ ስምንትን ወረቀት ከእጄ ላይ ወሰደችው።

«ነገ ትፈተናለህ፤ ዛሬ ሂድና ጉልበቱን ሳም» አለችኝ። «ሽማግሌው አዝኖብህ ፈረስ ላይ አይውጣ።»

የማነበው አለኝ ብዬ ተከራከርኩ። ወረቀቱን አጣጥፋ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝና መንገድ ላይ አንብበው አለች። እያጉረመረምኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ያን ጥዋት ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ይመልሰኛል። ሚኒባሱ ዝግ ባለ ቁጥር ከጉሙ ውስጥ ፈረሶች ብቅ ይላሉ፤ ያጌጡ፣ በቀይና በቢጫ ጥልፍ የተሸለሙ፣ በዋዜማው እንጅባራ ለመድረስ የተነሱ። የሞተሩ ድምፅ ኮቴያቸውን ስለሚውጠው ያለ ድምፅ ነበር የሚያልፉት። ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ሕልሜ ይሁን መንገዱ ለጊዜው መለየት አቅቶኝ ነበር፤ ደስም ይል ነበር።

እንጅባራ ወርጄ በባጃጅ ጥርባ ደረስኩ። አባቴ ከአጥሩ ሥር ዳማውን እያሻሸ ነበር።

«መጣህ?» አለኝ።

«መጣሁ።»

«ፈተናው?»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ብላ» አለና ወደ ፈረሱ ተመለሰ።

ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፤ ዓይኑ ግን ከፈረሱ ጀርባ ላይ አልተነሳም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ቀረበልኝ፣ አልወርድ አለኝ። በሰላም መድረሴን ለፈንታነሽ ልንገራት ብዬ፣ ከአባቴ ቤት ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ወጣሁ።

ስደርስ ጉሙ ተገፍፏል። ዘንገና ክብ ናት፤ ዙሪያዋን ደን ከቧታል፤ የሚገባባት ወንዝ የለም፣ የሚወጣም የለም። ልጅ ሆኜ አባቴን ውሃው ወዴት ይሄዳል ብዬው፣ «ራሷ ታመጣዋለች፣ ራሷ ትጠጣዋለች» ብሎኝ ነበር። ሐይቅ መውደድ የጀመርኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ዛፍ በሌለባት አንዲት ገላጣ ቦታ ላይ ኔትወርክ መጣ። ለፈንታነሽ የፈረሱን ፎቶ ልላክላት ብዬ ዳታውን ከፈትኩት።

መልእክቱ ተንጋግቶ ገባ። ከላይ ያለው ናይሮቢ ሆና አብራኝ የምትማር ሴት የጻፈችው ነው። «ጨረስኩ። የመጨረሻው ጥያቄ ደስ ይላል። አንተስ እንዴት ነበር?» ይላል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ኬንያ ቀኑ ቀድሞ ይገባ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፈትኩ። ፈተናው ክፍት ነው ይላል፤ የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ጃንዋሪ 31 ነው። ዛሬ።

 ሐይቁን አየሁ፣ ስልኩን አየሁ። ዛሬ ጥር ሃያ ሁለት ነው፤ ይህን ዳማው እንኳ ያውቃል። እንዴት አንድ ቀን ከመካከል ይጠፋል? ከዚያ ድንገት ጳጉሜ ትዝ አለችኝ። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆና አዲስ ዓመታችን በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ፈረንጆቹ ደግሞ የእነሱን ትርፍ ቀን የሚጨምሩት በፌብሩዋሪ ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛና የእነሱ ቀን እንደ አምናው አይገጥምም። አምና ጊዮርጊስ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 31 ዘንድሮ የሚውለው በዋዜማው ነው።

ያቺን ትርፍ ቀን ምን እንዳደረግኳት አስታወስኩ። ዝናብ ነበር፣ የሚነበብ ቆጣሪ አልነበረም፣ ሙሉ ቀን ተኝቼ ነበር ያሳለፍኳት። እንቅልፏ እየጣመኝ «ምነው ጳጉሜ ሁልጊዜ ስድስት በሆነች» ብዬ ለፈንታነሽ ነግሬያት ነበር። ይኸው ዋጋዋን ልትቀበል መጣች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ፈተናው አንዴ ከተከፈተ ሁለት ሰዓት ይሰጣል። ባትሪዬ ከግማሽ በታች ነው። አባቴ ቤት መብራት ቢኖርም ኔትወርክ የለም፤ እንጅባራ ልውረድ ብል ዛሬ መንገዱ ሁሉ ፈረስ ነው። ኔትወርኩ ያለው በዚህች ገላጣ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ፈራሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ተቀመጥኩና ፈተናውን ከፈትኩት።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ መለስኩ። ከዚያ ፀሐይዋ ከወዲያ ማዶ ዞራ ስልኩ ላይ አረፈች። ምንም አይታይም፤ የራሴን ፊት ብቻ ነው የማየው። የስልኩን ብርሃን ከፍ ባደርገው ባትሪው ይሟጠጣል። ወደ ዛፉ ጥላ ብገባ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሞከርኩት፣ ጠፋ። ኮቴን አውልቄ በላዬ ላይ ተከናነብኩና ከሥሩ እያላበኝ በሁለት አውራ ጣቴ መጻፍ ቀጠልኩ። ነፋሱ ኮቱን በገለበጠው ቁጥር የጻፍኩት ይጠፋኛል፣ መስመሩን እንደገና እፈልጋለሁ።

እንዲህ እያለሁ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ኮቱን ገለጥ ባደርግ አባቴ ዳማው ላይ ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች ያየኛል። ዘግይቼበት ሊፈልገኝ ወጥቶ ነው።

«ታመምክ እንዴ?» አለኝ።

«አባባ፣ ፈተናው ዛሬ ነው።»

«ነገ ነው አላልክም?»

«ተሳስቻለሁ። የአምናውን ቀን ነው የያዝኩት፤ ጳጉሜዋን ረሳኋት። አሁን እየተፈተንኩ ነው፣ ፀሐይዋ አላሳይ አለችኝ።»

 ያን ጊዜ ነው፣ ከአፌ ከወጣ በኋላ፣ የነገሩ ሌላ ፊት ለራሴም የገባኝ።

«ነገ ምንም የለብኝም፣ አባባ» አልኩት።

አንድ ወር ሙሉ ባልነበረ ነገር ነበር የተቀያየምነው። ጊዮርጊስን ማንም ወደ ሌላ ቀን ማዛወር አላስፈለገውም ነበር። አባቴ የሚመልሰውን እየጠበቅኩ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ልጓሙን ሳብ አደረገና ዳማውን በእኔና በፀሐይዋ መካከል አስገብቶ ጎኑን ሰጥቶ አቆመው። ጥላው እጄ ላይ ወደቀ። ፊደሎቹ ታዩኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዛሬም እንደ ሕልም ነው የሚመጣብኝ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል አባቴ ፈረሱን አንድ እርምጃ ያስጠጋል፣ ጥላው ተመልሶ ይሸፍነኛል። ዳማው ሲሰለቸው ራሱን ይነቀንቃል፤ አባቴ በአገውኛ ያናግረዋል። ከሰው ጋር በአማርኛም ይጫወታል፣ ለፈረስ ግን ከአገውኛ በቀር ተናግሮ አያውቅም። ያን ለስላሳ ድምፅ እየሰማሁ፣ የፈረስ ላብ እየሸተተኝ፣ በእንግሊዝኛ ስለ ውሃ ትነት እጽፋለሁ። ሁለት መንገደኛ ፈረሰኞች ቀርበው ሰላም ሊሉ ሲሞክሩ አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው እነሱም ድምፃቸውን ቀንሰው አለፉ።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ በአካባቢህ ያለ አንድ የውሃ አካል ምረጥ፤ ውሃው እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ አስረዳ ይላል። ቀና አልኩ፤ በዳማው እግሮች መካከል ዘንገና ትታየኛለች። ስለ ዝናቡ ጻፍኩ፣ በደኑ ቁልቁለት ስለሚወርደው ጎርፍ፣ በትነት ስለሚሄደው፣ መሬት ውስጥ ስለሚሰርገው። መጨረሻ ላይ አባቴ ያኔ የነገረኝን ጨመርኩ፤ ራሷ ታመጣዋለች፣ ራሷ ትጠጣዋለች። ነጥብ ያሰጥ፣ ያስቀንስ አላሰብኩም። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ክቧ መዞር ጀመረች፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ እንደዚያች የቆጣሪ ቀስት። ከዚያ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ደረሰ?» አለ አባቴ ከላይ ሆኖ።

«አላውቅም።»

ከፈረሱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጉልበቱ እየከዳው፣ ትከሻዬን ተደግፎ። እግሩ ያን ሁሉ ሰዓት እርካብ ላይ ቆይቶ ዝሎ ነበር። ለነገ የቆጠባትን ጉልበት ለእኔ እንዳወጣት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌሊቱን ስልኩ ኃይል ሲሞላ አደረ። ጥዋት ኪሴ ከተትኩትና አልከፈትኩትም። ሁሉን ነገር በሰዓቱ ማወቅ የምወደው ሰውዬ ያን ቀን ማወቅ አልፈለግኩም። የጎረቤት ፈረስ ተውሼ ከአባቴ ጎን ወጣሁ። የእንጅባራ ሜዳ በፈረስ ተሞልቷል፣ አቧራው ወርቅማ ሆኖ ተንሳፍፏል፤ የስንት ሰው እልልታ አንድ ላይ ሲሆን ከሩቅ እንደሚሰማ ፏፏቴ ነው። አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እስከ ሜዳው ጫፍ ሄድን፣ ተመለስን። ከሜዳው ስንወጣ አለንጋውን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። 

ስልኩን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያው እንጅባራ፣ የዳማውን ልጓም እንደያዝኩ። ደርሶናል ይላል። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ አልፌያለሁ። ዛሬ ዲግሪዬ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው።

ዳንግላ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ግድግዳው ጋ ሄዶ ካላንደሩን ማየት ነበር። የእኛ ካላንደር በየቀኑ ሥር የፈረንጁን ቀን በትንንሽ ቁጥር ያሳያል። ጥር ሃያ ሦስት ሥር ያለችው ቁጥር አትታይም፤ በቀይ እስክሪብቶዬ ደፍኛታለሁ። እርግጠኛ በሆንኩ ቁጥር ደጋግሜ ከብቤ፣ መልሱን ራሴ ሸፍኜዋለሁ። ፈንታነሽ ይህን ስታይ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ጉልበቱን ሳም ባልልህ ኖሮ አለችኝ፣ ጨርሳ አልተናገረችውም።

እናንተም በስልክ የምትማሩ፣ ሲላበሳችሁን ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ካላችሁ፣ አሁንም ስቀሉት እላለሁ። ሥርዓት ባይኖረኝ እዚያ አፋፍ ድረስ አልደርስም ነበር። ቀናችሁን ግን በስሱ ክበቡት፣ ከሥሩ ያለው ይታያችሁ። የእኛን ቀን ከእነሱ ጋር ስታገናኙ አምናን አትመኑ፤ ዘንድሮን ቁጠሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀን የለኝም ብላችሁ ያስቀየማችሁት ሰው ካለ፣ ወረቀቱን አጣጥፋችሁ ሂዱ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ባጠና ኖሮ ፈተናውም ፈረሱም ያመልጡኝ ነበር።

ዳማው ዛሬም ጥርባ ነው ያለው፤ የእኔ ቢሆንም አባቴ ያበላዋል። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አዲሱ ሲላበስ ሲደርሰኝ አባቴ ይደውላል። ስለ ትምህርቱ አይጠይቅም፣ ስለ ውጤቱም አይጠይቅም።

«ፈተናህ የትኛው ቀን ላይ ነው የዋለው?» ይለኛል። «ንገረኝ፤ የዚያን ቀን ፈረሱን አላሰማራውም።»